ትንሽ የሄደ መኪና

መስከረም 12 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለጉንዳኗ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ምድጃሽ አይቀዝቅዝ፣ ዱቄትሽን ነቀዝ አይድፈረው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ይሳደባል።

ሰላምታው እዚህ ላይ አበቃ፤ አሁን ወደ ክሱ። ለመሆኑ ፖስታ በሊጥ የሚያሽግ ሰው የት አየሽ? ዳቦ ጋጋሪ መሆንሽን ዘመድ ሁሉ ያውቃል፤ ማስረጃ አትላኪ። ሊጡ መንገድ ላይ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ደረሰኝ። በጣቴ ብለው እምቢ፣ በቢላ ብለው እምቢ፤ በመጨረሻ በመሮ ፈለጥኩት። ከደብዳቤው ግማሽ ገጽ ከፖስታው ጋር ተገንጥሎ ሄደ። መኪና መግዛትሽን አውቄአለሁ። አረንጓዴ እንደሆነ፣ ከተሠራ አሥራ ስምንት ዓመት እንደሆነው፣ የሄደው ግን ሠላሳ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ እንደሆነም አንብቤአለሁ። ከማን እንደገዛሽው የሚለው ከሊጡ ጋር ቀርቷል።

አሁን ደስታሽን ላቀዝቅዝልሽ። «ትንሽ ነው የሄደው» እያልሽ ደጋግመሽ ጽፈሻል፤ ባነበብኩት ቁጥር ሳቅኩ። ልጄ፣ መኪናን ከመሮጥ ይልቅ መተኛት ነው የሚገድለው። አጎትሽ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ፣ ሞተር እየፈታ፣ የፈታውን መግጠም እያቃተውና እየተረገመ የተማረው ይህንን ነው። ላስቲክ ኪሎ ሜትር አይቆጥርም፤ ዘመን ነው የሚቆጥረው።

ከሁሉ በፊት የሞተሩን ቺንጋ፣ ያንን የላስቲክ ቀበቶ፣ አስቀይሪ። ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ዳገት ላይ የተበጠሰ ዕለት ግን ሞተሩ ውስጥ ብረት ከብረት ይፋጃል፣ ቀባሪ እንጂ መካኒክ አያነሣውም። ጎማውንም «ጥርሱ ሙሉ ነው» ብለሽ እንዳትታለዪ። የአሮጌ ጎማ ጥርስ እንደ እኔ ጥርስ ነው፤ ለፈገግታ እንጂ ለአጥንት አይሆንም። የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ጎኑ ላይ በአራት ቁጥር ተጽፏል፤ አንብቢው። የፍሬን ዘይት ሲቆይ ውኃ ይጠጣል፣ ውኃ የጠጣ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይከዳል፤ ከነዳቦሽ ግድግዳ ውስጥ ትገቢያለሽ። የራዲያተሩን ቱቦዎች በእጅሽ ጭመቂያቸው፤ ከተንኮሻኮሹ ጣያቸው። ታንኩ ውስጥ የከረመውን ነዳጅ አስደፊው። ኮፈኑን ከፍተሽም አይጥ ፈልጊ፤ አይጥ ሽቦ ትወዳለች።

ሥራ ፈት ስለሆንኩ አንድ ጨዋታ ልጨምርልሽ። ከማቀዝቀዣሽ በር ላይ አንድ ማግኔት ንቀይና የመኪናውን ቆርቆሮ ሁሉ ዳብሺበት። የሚወድቅበት ቦታ ካለ እዚያ ያለው ቆርቆሮ ሳይሆን ስቱኮ ነው፤ አንድ ቀን ተመቶ የተለሰነ ቁስል ማለት ነው። መስታወቶቹም ጥጋቸው ላይ ትንሽ የዓመት ምልክት አላቸው፤ ሁሉም እኩያ መሆናቸውን እዪ።

ቀጥሎ ስትጽፊ በሙጫ።

አጎትሽ


ጥቅምት 4 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ለጉልበትዎ ምሕረት፣ ለምላስዎ ልጓም ይስጥልኝ። ይህኛው በሙጫ ነው የታሸገው፤ መሮዎን ያስቀምጡ።

መኪናውን የገዛሁት ከአንድ ጡረተኛ መሬት ቀያሽ ነው። ከተማው ዳር ብቻቸውን ይኖራሉ። መኪናው ከቤታቸው ጀርባ ባለ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ለብሶ ስምንት ዓመት ቆሟል። «ምነው አይነዱትም?» አልኳቸው። «ዓይኔ ደከመ» አሉኝ፤ የመጋዘኑን ቁልፍ ቀዳዳ ግን ሳይዳብሱ ነው ያገኙት። ዋጋ ስጠራ አንዲት ቃል አልተከራከሩም። እኔ የለመድኩት ለአንድ ዳቦ ግማሽ ቀን የሚጨቃጨቅ ደንበኛ ነው፤ ደነገጥኩ። ልወጣ ስል የመኪናውን መስኮት ይዘው፣ «በድልድዩ መንገድ አትሂጂ፤ ለጎማ አይሆንም» አሉኝ። ምን ላድርግ፣ ዳቦዬን የሚወስዱት ሱቆች ድልድዩ ማዶ ናቸው።

እንዳሉት ሁሉን አስደርጌአለሁ። መካኒኩ ቺንጋውን አጠፍ ቢያደርገው እንደ ደረቀ የዳቦ ቅርፊት ፈራረሰ። የፍሬን ዘይቱ ጥቁር ሆኖ ወጣ። የአየር ማጣሪያው ውስጥ አንድ ሙሉ የአይጥ ቤተሰብ ሰፍሮ ነበር፤ ከእኔ ኩሽና የሞቀ ቤት ሠርተዋል። ጎማዎቹም የመኪናው እኩያ ሆነው ተገኙ፤ አራቱንም ጣልኳቸው።

ጨዋታዎንም ተጫውቻለሁ። ማግኔቱ ከቀኙ የፊት ጎማ በላይ ካለው ፓራፋንጎ ላይ እየተንሸራተተ እግሬ ላይ ወደቀ። መስታወቶቹ ሁሉ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የፊተኛው ግን ገና ስምንቱ ነው። ከኋላ በሮች የግራው እጀታም ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም፤ ሌሎቹ የሚያብረቀርቅ ብረት ናቸው፣ እሱ ጥቁር ፕላስቲክ። የተተከለ ጥርስ ይመስላል።

ትናንት ድልድዩ አጠገብ ዳቦ ሳወርድ ከኋላዬ ድንጋይ ተወረወረ። የኋላውን መስታወት በርቅሶ ቅርጫቱ ውስጥ ገባ። ዞር ስል አንድ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰው ከድንጋይ ጠራቢዎቹ ግቢ ፊት ቆሟል። አልሮጠም፤ አልተደበቀም። ድንጋዩን አንሥቼ መልሼ ወረወርኩለት፤ በጆሮው አጠገብ አለፈ።

«አንቺ! ይሄ መኪና የማነው?» አለኝ።

«የእናትህ!»

ምላሴን ከማን እንደወረስኩት ያውቁታል። ተፎካካሪ ጋጋሪ የላከው ይመስለኛል።

ጉንዳንዎ


ጥቅምት 19 ቀን

ለጉንዳኗ፤

ከክፉ ይሰውርሽ፤ ከራስሽ ምላስም ጭምር።

ድንጋይ ስትወረውሪ ክርንሽን አታጥፊ ብዬ በልጅነትሽ አስተምሬሽ አልነበር? እንዴት ትስቺዋለሽ ብዬ ልቀልድብሽ ብዕር አነሣሁ። ከዚያ ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩና ቀልዱን ተውኩት።

አንድ መኪና ቀኝ ፓራፋንጎው ከተለሰነ፣ የፊት መስታወቱ ከተቀየረ፣ መስታወቱ በተቀየረበት ዓመትም ጆንያ ከለበሰ፣ ባለቤቱ ዓይኑ ደክሞት አይደለም። «ውሻ ገጭቼ ነው» የሚል ሰው ይመጣል። ውሻ መስታወት ላይ አይደርስም።

ያ መኪና ትንሽ የሄደው ስላልተፈለገ አይደለም። ስለተፈለገ ነው።

የኋላው በር እጀታ ግን አልገባኝም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የተጋጨ መኪና ስፈታ ኖሬአለሁ፤ የኋላ እጀታ ብቻውን ተነቅሎ አላየሁም። በግጭት አይነቀልም። ሰው ተንጠልጥሎ ካልጎተተው በቀር።

ሰምተሽኛል? በድልድዩ በኩል አትለፊ። ሱቆቹ ይቅሩ፤ ዳቦው ይሻግት። ያ ሰውዬ ተፎካካሪሽ የላከው አይደለም። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ መልስ ስጪኝ፤ «ደህና ነኝ» የሚል ቃል ብቻ ይበቃኛል።

አጎትሽ


ኅዳር 6 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎን ያብዛልኝ። ደብዳቤዎ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ቀድሞ ቢደርስ እሰማዎት ነበር ብዬ አልዋሽዎትም።

ድልድዩ አፍ ላይ ጋሪ አግድመው ጠበቁኝ። ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፣ ድንጋይ ጠራቢዎች። ያ ድንጋይ የወረወረው ታላቁ ነው። በሩን ከፍቶ በጠጕሬ ጎትቶ አወጣኝ። መሃለኛው ቅርጫቶቹን እየገለበጠ ዳቦውን ጭቃ ላይ በጫማው ይረግጥ ጀመር። ጠጕሬን ቻልኩት፤ ዳቦውን ግን አልቻልኩትም፤ ታላቁን ክንዱን ነከስኩት።

«ከማን ገዛሽው?»

«ከገበያ!»

«ከማን?»

«ከአባትህ!»

ግራ እጄን ያዘና በሩ መዝጊያ መሃል አስገብቶ በሩን ወረወረው። አራት ጣቶቼ ተሰበሩ። ስወድቅ ያየሁት ሰማይ ሳይሆን የራሴ ዳቦ ነው፤ አፍንጫዬ ሥር ነበር።

ያኔ ትንሹ ወንድማቸው ቀረበ። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ፤ የበር እጀታ ነው፣ የሚያብረቀርቅ ብረት። ከፊተኛው በር እጀታ ጎን አስጠጋው። አንድ ናቸው። እጁን ሲዘረጋ መዳፉን አየሁት፤ ቆዳ ሳይሆን የተኮማተረ ላስቲክ ይመስላል።

«እህቴን ከትምህርት ቤት እያመጣኋት ነበር» አለኝ። «እጇን ይዣለሁ። ከእጄ ነው የወሰዳት። መስታወቱ ላይ ወጥታ ወደቀች። ቆመ። በመስኮት አይቶናል፣ ቆሞ አይቶናል! ከዚያ ማርሽ አስገባ። ወደ ሾፌሩ ወገን ዞሬ ይሄን ብይዝ እስከ ወፍጮ ቤቱ ጎተተኝ።»

አዘንኩ፤ እውነቴን ነው፣ እጄ ተሰብሮም አዘንኩ። የቀያሹ ስም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን መሃለኛው «ምን ያስለፈልፍሃል!» ብሎ እንደገና በጠጕሬ ሊይዘኝ ሲመጣ ደኅናዋ እጄ የመኪናው ወንበር ሥር ያለውን የጎማ መፍቻ አገኘች። አንገቱና ትከሻው መሃል መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ወደቀ። እንደገና መታሁት። ሁለተኛው አያስፈልግም ነበር አጎቴ። ደስ ብሎኝ ነው የመታሁት።

ታላቁ ወንድሙን ጋሪው ላይ አስተኛውና ወደ እኔ ዞረ። አልጮኸም። «ይሄ ወንድሜ ክንዱን ከራሱ በላይ ያነሣ ቀን እንመጣለን» አለኝ። «መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው። ስሙን ከነገርሽን ወደ ሰውዬው ቤት እንሄዳለን። ካልነገርሽን ምድጃሽን ባንቺ ላይ እናፈርሰዋለን።»

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ጣቶቼን አየና፣ «አንቺም ሰው ሰብረሻል፤ ብትታረቁ ነው የሚሻልሽ» ብሎ ሸኘኝ።

ስሙን ልንገራቸው ወይስ ልተወው? ሌላ ጥያቄ የለኝም። ፍሬኑ ጥሩ ይይዛል።

ጉንዳንዎ


ኅዳር 15 ቀን

ለልጄ፤

ጣቶችሽን ይጠግንልሽ። ያንን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ መዶሻ አንሥቼ የጋራዤን ግድግዳ ስደበድብ ዋልኩ። ጎረቤቴ ሮጦ መጥቶ «ምን እያፈረስክ ነው?» ሲለኝ፣ «የሰው ራስ» አልኩት። በሩን ዘግቶልኝ ሄደ። ስለዚህ የሁለተኛውን ምት ነገር እኔ አልፈርድብሽም። ብቻ ሦስተኛ አይኑርሽ። መምታት እንደ ዝገት ነው፤ ከላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ ከሥር ቆርቆሮውን በልቶት ይጨርሳል።

ስሙን አትስጪያቸው። መዶሻ ለያዘ ሰው የተሰጠ ስም ተመልሶ አይሰበሰብም። ሰዎቹ ግን ውሸታሞች አይደሉም። እህታቸው መንገድ ላይ ቀርታለች፤ ስምንት ዓመት ሙሉ «እኔ ነኝ» የሚል ሰው አላገኙም። ቢያገኙ ኖሮ መኪና ባለፈ ቁጥር እጀታ ሲያዩ አይኖሩም ነበር።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ባትሪውን አዲስ አስገቢ። ታንኩን ሞልተሽ አሳድሪው። መኪናውን ስታቆሚ አፍንጫውን ወደ መንገዱ አድርጊው፤ በጭንቅ ሰዓት ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ግድግዳ ነው የሚያገኘው። ወደ እኔ የሚያመጣውን መንገድ ታውቂዋለሽ፤ አልጋውን አንጥፌዋለሁ።

የቀያሹንም አድራሻ ላኪልኝ። ስለ እጀታው አንድ ነገር ልጠይቃቸው ነው። ከፈለግሽ በሊጥ አሽጊው፤ ብቻ ዛሬውኑ ላኪው።

አጎትሽ


ኅዳር 24 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደምን ከረሙልኝ። አድራሻው ከዚህ ጋር አለ። ምን ሊጽፉለት እንደሆነ አላውቅም፤ ሰውዬው ግን የሚገባው አይመስለኝም። እኔ ራሴ ሄጄ በሩን ደበደብኩ። ውስጥ ነው፤ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። «አንተ ሽማግሌ፣ የገደልካትን ልጅ እኔ ልሸከምልህ ነው?» ብዬ ጮህኩ። አልከፈተም። የመስኮቱን መስታወት አንድ በአንድ በመፍቻው አረገፍኩለት። ከመጋረጃው ኋላ ቆሞ እግሩ ይታየኛል።

ወንድማማቾቹ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ቤቱ ፊት ይቆማሉ። አይሰድቡኝም፤ አይገዙም። ሰልፈኛው ተበትኖ አለቀ። መሃለኛው ክንዱን ያነሣል፣ እኔ እንዳየው። መጀመሪያ እስከ እምብርቱ ነበር የሚደርሰው። አሁን ደረቱ ጋ ደርሷል። ሲያመው ጥርሱን ያፋጫል፤ ታላቁ ከኋላ «ቀስ በል፣ አትቸኩል» ይለዋል። እናት ልጇን ስታስሄድ እንደምትለው ዓይነት።

ወደ እርስዎ ሽሺ ብለውኛል። ምድጃ በትከሻ አይሸሽም አጎቴ። ይህን ቤት በአሥር ጣቴ ነው የሠራሁት፤ አሁን የሚታዘዙኝ ስድስቱ ናቸው፣ በስድስቱም እጠብቀዋለሁ።

ነገር ግን ራሴን ፈርቻለሁ። ባለፈው ሰኞ ዱቄት የሚያመጣልኝ ተሸካሚ ከኋላዬ ሳይናገር ገባ። ዞሬ በዳቦ ማውጫው እንጨት ፊቱን መታሁት። ጥርሱ ወለቀ። ዱቄቱ ላይ ደሙ ሲንጠባጠብ፣ «እመቤቴ፣ እኔ እኮ ነኝ» ይለኛል። «እኔ እኮ ነኝ።» ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሱ ራሱ ውኃ አመጣልኝ።

ይጻፉልኝ።

ጉንዳንዎ


ታኅሣሥ 18 ቀን

ለአጎቴ፤

ምነው ዝም አሉኝ? ፖስተኛው ባለፈ ቁጥር በር ላይ እወጣለሁ፤ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ታመው እንዳይሆን ፈራሁ። ተቆጥተውኝም ከሆነ በቁጣዎ ይጻፉልኝ፤ ስድብዎም ይናፍቃል።

ዛሬ ጠዋት የመሃለኛው ክንድ ከራሱ በላይ ወጣ። ባዶውን አይደለም፤ ትልቁን የድንጋይ መዶሻ ይዞ ነው ያነሣው። ላይ አድርሶ ያዘው፣ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ቀስ ብሎ አወረደውና ወደ እኔ ተመለከተ። ታላቁ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ትንሹ አንገቱን ደፍቷል። «ከሰዓት በኋላ» አለኝ ታላቁ፤ ሄዱ። ጎረቤቶቼ ይህን ሰምተው ሱቃቸውን እየዘጉ ነው። ባለ ጠላ ቤቷ ሴትዮ ብቻ መጥታ፣ «ከእኔ ጓዳ ተደበቂ» አለችኝ፤ እንቢ አልኳት።

እውነቱን ልንገርዎት። ስሙን ልነግራቸው ነው። ወስኜአለሁ። ይፍረዱብኝ። ሌሊቱን መፍቻውን ጭኔ ላይ አድርጌ ሳስብ አደርኩ፤ ካልነገርኳቸው መሞቴ ብቻ አይደለም፣ ከመሞቴ በፊት አንዱን መግደሌ አይቀርም። የትንሹንም ልጅ መዳፍ አይቻለሁ። በእሱ ላይ መፍቻ ማንሣት አልችልም። ሽማግሌው ይሙት። እነሆ ጻፍኩት፤ ይሙት። ሲመጡ ቤቱን እነግራቸዋለሁ፣ መስታወቱ የረገፈው ነው እላቸዋለሁ፣ ከዚያ

በሩ ተንኳኳ።

መጡ። ከሰዓት አልሆነም እኮ፤ መጡ። እጅዎን እስማለሁ አጎቴ።

ከበሩ ተመልሼ ነው የምጽፈው። በጥድፊያ ነው። መፍቻውን ከራሴ በላይ አንሥቼ በሩን በእግሬ በረገድኩት። ልመታ እጄ መውረድ ጀምሮ ነበር። ደጃፉ ላይ ያሉት ወንድማማቾቹ አይደሉም። ቀያሹ ናቸው። ብቻቸውን፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከከተማው ዳር በእግራቸው መጥተው። ፊታቸውን አልሸፈኑም፤ መፍቻውንም አላዩትም። የእርስዎን ደብዳቤ አውጥተው አሳዩኝ፤ የእጅ ጽሑፍዎን አወቅሁት፣ እንደ ብሎን የተጣመመ። «ጌታዬ» ይላል፣ «ያንን መኪና ለልጄ ሲሸጡላት አንድ ጥገና ሳይነግሯት ቀርተዋል። ቺንጋውንም ጎማውንም እኛ ቀይረናል። ይህኛውን ግን ከእርስዎ በቀር የሚሠራው መካኒክ የለም።» ሌላ ምንም አልጻፉም።

«ደብዳቤው ከደረሰኝ ብዙ ቆየ» አሉኝ። «በየቀኑ ጫማዬን አደርጋለሁ፣ በየቀኑ አወልቃለሁ። ዛሬ አላወለቅሁም።»

መፍቻው እጄ ላይ ነው፤ መሬት ላይ አላስቀመጥኩትም፣ እውነቱን ልንገርዎት።

«መኪናው ይነሣል?» አሉኝ።

«ይነሣል።»

«እንግዲያው ከፊት ወንበር አስቀምጪኝ፤ የልጅቷ ወንድሞች እንዲያዩኝ» አሉ። «ልጄ፣ እስከ ድልድዩ ታደርሺኛለሽ?»